አውቆ የተኛ ላፕቶፕ

«አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት የተነገረው ስለ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛ ግን በዚህ ዓመት ስለ አንድ ላፕቶፕ ደጋግመን ስንለው ሰንብተናል። በመጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ነገሩን እስከ ሥሩ ከመረመርን በኋላ ግን ተረቱ ትክክለኛ መግለጫ ሆኖ አገኘነው፤ ለምን ቢሉ፣ ላፕቶፕ ማንን ሰምቶ እንደሚነሣና ማንን እንደማይሰማ ከመተኛቱ በፊት ወስኖ የሚተኛ ዕቃ ነውና።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ መኪና ጉዳይ ምን አገባችሁ የሚሉን እንደማይጠፉ እንገምታለን። መልሳችን አጭር ነው። ጽሑፋችንን የምንጽፈው በዚሁ መኪና ላይ ነው፤ ሲጠፋም የሚጠፋው የእኛው ጽሑፍ ነው። የኢንጂነሪንግ ባልንጀሮቻችን ከዚህ በታች ያለውን አስቀድመው ያውቁት ይሆናል። እኛ የጻፍነው ግን ለእነርሱ ሳይሆን፣ ኪቦርዱን ቢጫን ቢጫን ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ሲቀርበት ልቡ ለሚደነግጥ ተማሪ ነው።

በመጀመሪያ የደረሰብንን እንናገር። ባንድ ማደሪያ ክፍል የምንኖር አምስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። የረከሰበት ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ሁለተኛ ባትሪው ሞቷል። ስለዚህ ክዳኑን ዘግተን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነውና፣ አንድ ሞኒተር፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውዝ ሰካንበት። ቦታ ስለ ጠበበን በላዩ መጻሕፍት ደረደርንበት። ማብሪያው ቁልፍ ከክዳኑ ሥር በመሆኑ፣ ሥራ ስናቆም አናጠፋውም፤ ስሊፕ እናደርገዋለን። ስንመለስ ከኪቦርዱ አንዱን ቁልፍ እንጫናለን፤ እርሱም ይነሣል። ማውዙ ቀስቅሶት አያውቅም ነበር፤ ኪቦርዱ ግን ለወራት አንድም ቀን አላሳፈረንም።

ከአንዲት አሮጊት ጋር ያደረግነውን ረጅም ቃለ ምልልስ ከስልክ እያዳመጥን ወደ ጽሑፍ ስንገለብጥ ሦስት ሌሊት ሆኖን ነበር። የምንጽፍበት ፕሮግራም በራሱ ሴቭ የማያደርግ ተራ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ በተኛ ቍጥር የጻፍነውን ሁሉ ይዞ ሲነሣልን ስለ ለመድን፣ ሴቭ ማድረጉን ከናካቴው ትተነዋል። ማስረከቢያው በማግሥቱ ከጧቱ በ4 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደከመንና ስሊፕ አድርገን ተኛን። ከዚያ በፊት ግን ከመካከላችን አንዱ ለፍላሹ ቦታ ለማግኘት ሲል፣ ኪቦርዱን በግራ ጐን ካለው ቀዳዳ ነቅሎ በቀኝ ጐን ካለው ሰክቶት ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም።

ጧት በ12 ሰዓት ተነሥተን ኪቦርዱን ብንጫን ላፕቶፑ ዝም አለ። ስፔሱን ጫንን፤ ኢንተሩን ጫንን፤ ማውዙን አሸነው፤ ዝም። በዚህ ጊዜ ሌላው ባልንጀራችን «ተበላሽቷል» ብሎ የኃይሉን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካው። ከዚያ መጻሕፍቱን አንሥተን፣ ክዳኑን ከፍተን ማብሪያውን ስንጫን ላፕቶፑ ተነሣ። የተነሣው ግን እንደ አዲስ ነው። የሦስት ሌሊት ሥራ በውስጡ አልነበረም።

ቃለ ምልልሱ በስልክ ላይ ስለ ነበር ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ሆኖም በ4 ሰዓት ያስረከብነው ወረቀት ግማሽ ወረቀት ነበር። ያ ገመዱን የነቀለው ባልንጀራችን ከዚያ ቀን ወዲህ ለብዙ ሳምንት ላፕቶፑን አልነካም፤ ጽሑፉን ሁሉ በእጁ ይጽፍ ጀመር። እኛም በአፋችን ባንናገረውም በልባችን ጥፋቱን በእርሱ ላይ ጥለነው ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፤ ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር?

ዕንቅልፍና ሞት

ሰው ሁሉ «ጠፋ» በሚለው አንድ ቃል የሚጠራቸው ሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። እነዚህን ለይቶ አለማወቅ የስሕተቱ ሁሉ መነሻ ነው። ልዩነታቸውን የሚደነግገው ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለው ደንብ ሲሆን፣ ይኸውም ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ የተባሉት ኩባንያዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 መጨረሻ በኅብረት ያወጡት ነው። ደንቡ የኮምፒውተርን ሁኔታ ከኤስ 0 እስከ ኤስ 5 ድረስ በቍጥር ይለያል። ኤስ 0 ሙሉ ንቃት ነው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ግን ኤስ 3፣ ኤስ 4 እና ኤስ 5 ናቸው።

ኤስ 3 ተራው ዕንቅልፍ፣ ማለት ስሊፕ የምንለው ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ፣ ሃርድ ዲስኩና ስክሪኑ ኃይል ይቋረጥባቸዋል፤ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ብቻ ጥቂት ኃይል እየተሰጠው ይቆያል። የራም ጠባይ እንግዳ ነው። የጻፍነውን ፊደል ሁሉ የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ነው፤ እነዚህም እንደሚያፈስ እንስራ የያዙትን ቶሎ ስለሚያጐድሉ፣ ቢበዛ በየ64 ሚሊሴኮንዱ፣ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ፣ እንደ ገና መሞላት አለባቸው። ስለሆነም ተኛ የምንለው ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ እንስራውን ሲሞላ ያድራል። ኃይሉ ለአፍታ እንኳ ቢቋረጥና የሚተካው ባትሪ ባይኖር፣ በራም ውስጥ የነበረው ሁሉ ይፈሳል።

ኤስ 4 ሃይበርኔት የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ በራም ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ዲስኩ ይገለብጥና ኃይሉን ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ገመዱ ቢነቀልም መብራት ቢጠፋም ጽሑፉ አይጠፋም፤ ማብሪያውን ሲጫኑት ከዲስኩ መልሶ ያነብበዋል። ኤስ 5 ደግሞ ሻትዳውን የምንለው፣ እውነተኛው ጥፋት ነው።

እንግዲህ በዚያች ጧት የእኛ ላፕቶፕ ኤስ 3 ላይ ነበር። አልሞተም፤ አልተበላሸምም። የሦስት ሌሊቱን ጽሑፍ በራሙ ይዞ፣ በሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ እየሞላ ይጠብቀን ነበር። ባትሪ ስላልነበረው ሕይወቱ ያ አንድ ገመድ ብቻ ነበር።

በበሩ ላይ ያለው ዘበኛ

የተኛ ላፕቶፕ እንዴት ይሰማል? ሁሉም ቢተኛ ማን ነው የሚቀሰቅሰው? ይህን ለመረዳት አመሽቶ ወደ ማደሪያው የሚመለስ ተማሪ ማሰብ ይበቃል። ግቢው ተኝቷል፤ በበሩ ላይ ግን ዘበኛ አለ። ተማሪው ያንኳኳል። በሩ እንዲከፈትለት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ዘበኛው ነቅቶ መገኘት አለበት፤ ተማሪው እንዲገባ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ የማንኳኳቱም ድምፅ ከዘበኛው ጆሮ መድረስ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ተማሪው ውጭ ያድራል።

በላፕቶፕም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሌላው ሁሉ ሲተኛ ጥቂት ክፍሎች በአነስተኛ ኃይል ነቅተው ያድራሉ። ማብሪያውን ቁልፍና ክዳኑን የሚጠብቅ አለ፤ ዩ.ኤስ.ቢ. የሚባሉትን መሰኪያ ቀዳዳዎች የሚጠብቅ አለ፤ የኔትወርክ ገመዱን የሚጠብቅ አለ። ኪቦርድም ሆነ ማውዝ ኮምፒውተሩን በራሱ አይቀሰቅስም፤ ዘበኛውን ጠርቶ ያስቀሰቅሳል እንጂ። ሦስቱን ሁኔታዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ኃይል ነው። ኪቦርዱ ድምፅ ለማሰማት እርሱ ራሱ ኃይል ማግኘት አለበት። ላፕቶፑ ሲተኛ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ኃይል ላያገኙ ይችላሉ። በብዙ ላፕቶፖች አንዱ ቀዳዳ ነቅቶ ሲያድር ሌላው ይዘጋል። በአንዳንዶቹም ቻርጀሩ ካልተሰካ በቀር፣ በባትሪ ብቻ ሳለ፣ በዩ.ኤስ.ቢ. መቀስቀስ አይቻልም። ክዳኑ ከተዘጋ የውጭውን ኪቦርድ የማይሰሙም አሉ፤ ይህም ላፕቶፑ በቦርሳ ውስጥ ሳለ እንዳይነሣ ተብሎ የተደረገ ነው። ቀዳዳው በዕንቅልፍ ጊዜ ኃይል እንዳለው ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የስልክ ገመድ ሰክቶ ላፕቶፑን ማስተኛት ነው። ስልኩ ኃይል መሙላቱን ከቀጠለ ቀዳዳው ኃይል አለው፤ ካቆመ ግን ያን ቀዳዳ ለኪቦርድ ማመን አይገባም። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። የግራው ቀዳዳ ሌሊቱን ይነቃል፤ የቀኙ ይተኛል። ኪቦርዱ ያው ኪቦርድ፣ ላፕቶፑም ያው ላፕቶፕ ሳለ፣ የተለወጠው በሩ ብቻ ነው፤ እኛም ዘበኛ የሌለበትን በር ስናንኳኳ ቈየን።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በዩ.ኤስ.ቢ. ደንብ መሠረት አንድ ዕቃ ሲሰካ ስለ ራሱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ መቀስቀስ መቻል አለመቻሉንም አብሮ ያስታውቃል። ነገር ግን መቻል ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ ከመተኛቱ በፊት «አንተ ብትጠራኝ እነሣለሁ» ብሎ ፈቃዱን ለዕቃው ማስተላለፍ አለበት። ከዚህ በኋላ በመስመሩ ላይ ለ3 ሚሊሴኮንድ ያህል ጸጥታ ሲሆን ዕቃውም ይተኛል። በተለመደው ዩ.ኤስ.ቢ. 2.0፣ በሥራ ላይ ሳለ እስከ 500 ሚሊአምፔር ሊሰጠው ይችል የነበረው ዕቃ፣ ሲተኛ ከ2.5 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይወስድ ታዝዟል። ቁልፍ ሲጫኑበት ከ1 እስከ 15 ሚሊሴኮንድ የሚቈይ ምልክት ወደ ላይ ይልካል፤ ዘበኛው ይህን ሲሰማ ዋናውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሳል። ፈቃድ ያልተሰጠው ዕቃ ግን ይህን ምልክት ከቶ አይልክም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢጫኑት ዝም ነው። የእኛ ማውዝ ለወራት ዝም ያለው ፈቃድ ስላልነበረው እንጂ ተበላሽቶ አልነበረም።

ይህ ፈቃድ የሚሰጠው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በዊንዶውስ ውስጥ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ገጽ ከፍቶ፣ ኪቦርዱን ወይም ማውዙን መርጦ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን መክፈት ነው። እዚያ «ይህ ዕቃ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አጠገብ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ምልክት ይደረግባታል። ሁለተኛው ቦታ ከዊንዶውስ በታች ያለው፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ የሚገባበት ባዮስ የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ በዩ.ኤስ.ቢ. መቀስቀስን የሚፈቅድና የሚከለክል መስመር ይገኝ ይሆናል፤ ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ከሁለቱ አንዱ ከከለከለ የሌላው መፍቀድ ዋጋ የለውም። የግቢው ኀላፊ ቢፈቅድ ዘበኛው ካልሰማ፣ ዘበኛው ቢሰማ ኀላፊው ካልፈቀደ፣ በሩ አይከፈትም።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ኪቦርዱ ኃይልም ፈቃድም ኖሮት ድምፁ መካከል ላይ ሊቀር ይችላል። አንዱን ቀዳዳ አራት የሚያደርገው ማከፋፈያ፣ ሀብ የሚሉት፣ ምልክቱን ተቀብሎ ወደ ላይ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ርካሽ ማከፋፈያ አንዳንድ ጊዜ ይህን በደንብ አይፈጽምም። በአንድ ገመድ ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱንና ኃይሉን ሁሉ የሚያገናኘው ዶክ የሚባለው ዕቃም እንዲሁ ነው። ስለሆነም ሌላው ዕቃ በማከፋፈያው ቢሄድ ግድ የለም፤ የሚቀሰቅሰው ኪቦርድ ግን በቀጥታ በላፕቶፑ አካል ላይ ቢሰካ ይመረጣል።

ገመድ አልባ ዕቃዎችና ሌሎችም

ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውዝ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በዚህ ጉዳይም እጅግ ይለያያሉ። አንደኛው ዓይነት በዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ የምትሰካ ትንሽ ተቀባይ ያለው ነው። ለላፕቶፑ ይህች ተቀባይ እንደ ባለ ገመድ ዕቃ ናት፤ ከላይ የተናገርነው ሁሉ ይሠራባታል። ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚገናኘው ነው። የብሉቱዝ ተቀባዩ ያለው በላፕቶፑ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ላፕቶፑ ሲተኛ እርሱም አብሮ ከተኛ የሚሰማ ጆሮ የለም። ስለዚህ ቀን በደንብ ሲሠራ የዋለ የብሉቱዝ ኪቦርድ ላፕቶፑን መቀስቀስ ሲያቅተው ሊያስገርመን አይገባም።

ሞኒተርን በሚመለከት አንድ የቈየ ስሕተት አለ። የሞኒተሩን ማብሪያ መጫን ተራ ላፕቶፕን አይቀሰቅስም፤ ሞኒተሩን ብቻ ያበራል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ነቅቶ ሳለ የተኛው ሞኒተሩ ነው፤ ወይም ሞኒተሩ ሌላ ገመድ ሲጠብቅ ይገኛል። ይህን ለመለየት ካፕስ ሎክ የሚለውን ቁልፍ መጫን ጥሩ ዘዴ ነው። የኪቦርዱ ትንሽ መብራት ሲበራና ሲጠፋ ከታየ ላፕቶፑ ነቅቷል፤ ጣጣው የሞኒተሩ ነው።

ከሩቅም መቀስቀስ ይቻላል። የኔትወርክ ገመድ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ የኔትወርክ ካርዱ ነቅቶ አድሮ አንድ የታወቀ መልእክት ይጠብቃል። ይህ መልእክት አሠራሩ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ 255 የሚለው ቍጥር 6 ጊዜ ይላካል፤ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ካርድ 6 ባይት የሆነው አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል፤ ድምሩ 102 ባይት ነው። ካርዱ የራሱን ስም አሥራ ስድስት ጊዜ ሲጠራ ሲሰማ በእርግጥ እርሱ መፈለጉን ያውቅና ይቀሰቅሳል። ይህም ቢሆን ኃይል፣ ፈቃድና መንገድ ከሚሉት ከሦስቱ ሕግ አይወጣም።

ማታ የተነሣው ጧት ለምን እንቢ ይላል?

አንድ የሌላ ክፍል ባልንጀራችን ጤነኛ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ አለው። ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ኪቦርዱ ይቀሰቅስለታል፤ ጧት ግን አይቀሰቅስለትም። ቀዳዳው አልተለወጠም፤ ፈቃዱም አለ። ምክንያቱን ስንመረምር ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ላፕቶፖች በዕንቅልፍ ለጥቂት ሰዓት ከቈዩ በኋላ ባትሪ ለመቈጠብ ሲሉ በገዛ ራሳቸው ከስሊፕ ወደ ሃይበርኔት ይሸጋገራሉ። ሃይበርኔት ላይ ደግሞ የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳዎች ባብዛኛው ኃይል የላቸውም። ማለት ዘበኛው እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቆ፣ ሁሉን ነገር መዝግቦ፣ በሩን ቈልፎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ይህ ሲሆን የሚረዳው ማብሪያው ቁልፍ ነው፤ እርሱንም ለአፍታ መጫን ይበቃል። ጽሑፉ በዲስኩ ላይ ስለ ሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። ይህን የማይወድ ሰው በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ሃይበርኔት የሚደረግበትን ሰዓት ማራዘም ይችላል።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ኤስ 3ን ጨርሰው ትተውታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2012 ጀምሮ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 8 ያስገባው፣ በኋላም በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ሞደርን ስታንድባይ ተብሎ የተስፋፋው ዕንቅልፍ፣ እንደ ስልክ ዕንቅልፍ ነው፤ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ኮምፒውተሩ አንድ ዐይኑን ከፍቶ ይተኛል። በነዚህ ላይ ቀደም ብለን የተናገርናት ሣጥን ላትታይ ትችላለች። የእናንተ ላፕቶፕ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብሎ አንድ ቃል መጻፍና፣ አንድ ክፍት ቦታ ትቶ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጭረትና ኤ የሚለውን ፊደል መጨመር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸውን የዕንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዝርላችኋል።

አልነሣም ሲል ምን ይደረግ?

ከደረሰብን ነገር የተማርነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ እጅን ሰብስቦ በዐይን ማየት። የላፕቶፑ ትንሽ መብራት በየጊዜው ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተኝቷል ማለት ነው፤ ሞኒተሩም መብራቱንና ትክክለኛውን ገመድ መያዙን መመልከት ይገባል። ቀጥሎ አንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ። ማውዝ ከሆነ ማንቀሳቀሱን የማይሰማ በጠቅታው ሊሰማ ስለሚችል ቁልፉን መጫን። ይህ ካልሆነ ክዳኑን መክፈት፤ ክዳን መከፈቱ ብቻውን የሚቀሰቅሳቸው ላፕቶፖች ብዙ ናቸውና። ከዚያም ማብሪያውን ቁልፍ ነካ አድርጎ መልቀቅ።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። ማብሪያውን ነካ አድርጎ መልቀቅና ተጭኖ መያዝ እንደ መቀስቀስና እንደ ማነቅ የተለያዩ ናቸው። ከ4 ሴኮንድ በላይ ተጭኖ መያዝ በብዙ ኮምፒውተሮች ኃይሉን በግድ ይቈርጣል፤ በራም ያለውም ሁሉ ይፈሳል። ስለዚህ ይህ ሌላው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚሞከር የመጨረሻ ነገር ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ገመዱን መንቀል ከዚህ አይለይም። በዚያች ጧት እኛ አስቀድመን መጻሕፍቱን አንሥተን፣ ክዳኑን ከፍተን ማብሪያውን ነካ ብናደርገው ኖሮ፣ ላፕቶፑ የሦስት ሌሊቱን ሥራ ይዞ ይነሣልን ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይቸግር መፈተን ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ምንም የሚጠፋ ሥራ በሌለበት ቀን ላፕቶፑን አስተኝቶ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በውጭው ኪቦርድ መቀስቀስ ነው። ከተነሣ እንደ ገና አስተኝቶ አሳድሮ ጧት መሞከር ያስፈልጋል፤ የአንድ ደቂቃ ዕንቅልፍና የአንድ ሌሊት ዕንቅልፍ አንድ እንዳልሆኑ አይተናልና። ቀዳዳው፣ ማከፋፈያው ወይም ኪቦርዱ በተለወጠ ቍጥር ፈተናው ይደገማል።

ጥፋቱ የማን ነበር?

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባልንጀራችን ገመዱን ነቅሏል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኪቦርዱን ዘበኛ ወደሌለበት በር ያዛወረው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም ለፍላሹ ቦታ ከመፈለግ በቀር ያሰበው ክፉ ነገር አልነበረም። ማብሪያውን በመጻሕፍት የቀበርነው ሁላችንም ነን። ባትሪ በሌለው ላፕቶፕ ላይ የሦስት ሌሊት ሥራ ሴቭ ሳናደርግ ያስተኛነውም ሁላችንም ነን። በዚያ ሌሊት መብራት ለአንድ ሴኮንድ ቢጠፋ ኖሮ ገመዱን የሚነቅል ሰው ሳያስፈልግ ሥራው ይጠፋ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንን እንወቅስ ነበር? ላፕቶፑ በተነሣልን ቍጥር እንዴት እንደ ተነሣ አንድ ቀን እንኳ ሳንጠይቅ፣ በማናውቀው ነገር ላይ እምነታችንን ጣልን። እንቢ ባለን ቀን ደግሞ ለማናውቀው ነገር ጥፋተኛ ፈለግንለት።

ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላ ለባልንጀራችን በግልጽ ነገርነው። አሁን የግራው ቀዳዳ አጠገብ «ኪቦርድ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማውዙም ፈቃዱን አግኝቷል። መጻሕፍቱ ከላፕቶፑ ላይ ወርደዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማናችንም ሴቭ ሳናደርግ ስሊፕ የሚለውን አንነካም፤ ዕንቅልፍ ማረፊያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለምና። ባልንጀራችን ወደ ኪቦርዱ የተመለሰው ባለፈው ወር ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ላፕቶፑን አስተኝቶ ጥቂት ቈየና ስፔሱን ጫነው። ሞኒተሩ በራ። «ሰማ» አለን።